ቃለ ጉባኤ የሌለው ወንፈል

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የእናት የአባቱ ብቻ ልጅ መሆኑ ያኔ ያበቃል። የቀበሌው ልጅ፣ የዕድሩ ልጅ ይሆናል። ገብስ ሸጠው የመሳፈሪያውን የሰጡት ጎረቤት፣ መርቀው ያሰናበቱት የደብሩ አለቃ፣ ገና ሳይመዘገብ «ኢንጂነር» ብለው ስም ያወጡለት የሰፈር እኩዮቹ ሁሉ በእሱ ላይ ድርሻ አላቸው። ከአውቶቡስ ሲወርድ የምናየው ሻንጣውን ነው እንጂ ይህን ሁሉ ሰው አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህማ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ያለፈ ልጅ ያልተሳካላቸውን ጓደኞቹንም ጭምር ተሸክሞ ይመጣል።

በ2005 ዓ.ም.፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛ ልጅ ነበር። ከወሎ ገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ልብሱን ሁልጊዜ ሐሙስ ሐሙስ የሚያጥብ ልጅ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት በተለጠፈ ማግስት ከክፍል ስመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሻንጣው የለም። ውጤቱ እንደማያስቀጥለው ከሰሌዳው ላይ አይተን ስለነበር አገሩ የገባ መሰለን። በሚያዝያ ወር አንድ ማታ ስልኬ ጠራ። አባቱ ናቸው፤ ልጁ አንድ ጊዜ ከእኔ ስልክ ደውሎላቸው ስለነበር ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው አስቀምጠውት ኖሯል። «ልጄ፣ የወንድምህ ስልክ አልሠራ አለን፤ ፈተና ይዞት ነው?» አሉኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያም «ኧረ ልጄ፣ ለወረቀት ብሎ ነው የጠፋብን?» አሉና መስመሩ ተቋረጠ። ልጁ አገሩ አልገባም ነበር። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እንደሰማነው፣ በአንዲት ከተማ በሕንፃ ግንባታ ላይ ብሎኬት ሲያቀብል ቆይቶ ኋላ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በሕይወት መመለሱን ስንሰማ ዶርማችን ውስጥ ያለነው ሁሉ ተያይተን ዝም አልን፤ ለካ እያንዳንዳችን ሌላ ነገር ጠርጥረን ኖሯል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት ነበር። አምስት አምስት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይታቀፋሉ፤ በውጤቱ ሻል ያለው ይመራል፤ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ይሄዳል። ልጁ ግቢውን ለቆ ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በተጻፈው የቡድናችን ቃለ ጉባኤ ላይ ከስሙ ትይዩ «ተገኝቷል» የሚል ምልክት ነበረ። ክፋት አልነበረበትም። ቅጹ አምስት ስም ይጠይቃል፤ አምስት ስም ተሞላ።

ሐሳቡ ራሱ መጥፎ ነበር አልልም። ሰቃዩ ተማሪ ለደከመው ቢያስረዳ ማን ይጠላል? ነገር ግን ያ ስብሰባ ፊቱን ያዞረው ወደ ላይ፣ ወደ ሪፖርቱ ነበር እንጂ አጠገቡ ወደተቀመጠው ልጅ አልነበረም። ወደ ላይ የሚጻፍ ወረቀት ባለበት ቦታ ደግሞ «እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ» ብሎ የሚናገር ተማሪ አይገኝም። ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ በምን ያውቃል?

ሕግ ወይም ታሪክ የሚያጠናው አይጨነቅም ማለቴ አይደለም። የምሕንድስናው ጭንቀት ግን የራሱ አሠራር አለው። ትምህርቱ እንደ ግንብ ነው፤ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይቀመጣል። ስታቲክስን ያላለፈ የቁሶችን ጥንካሬ አይማርም፤ እሱን ያላለፈ ወደ ስትራክቸር ትንተና አይሄድም፤ ኮንክሪትና ብረት ዲዛይን ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። ትምህርቱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንዲት «ኤፍ» ሙሉ ዓመት ትበላለች። አብረውት የገቡት ጥለውት ይሄዳሉ፤ እሱ ከማያውቃቸው ታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። ጓደኛ በሚያስፈልገው ሰዓት ጓደኛ የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ይኬዳል። በዚያ ላይ መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰባ ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ካለ በኋላ ምሕንድስና ወድዶት የገባውም፣ ተመድቦበት የገባውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጨቀ። ከምረቃ በኋላ ያለው ሥራ ፍለጋ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም አለ። ተማሪው የሚጨነቀው ምክንያት አጥቶ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የአእምሮ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው 21.6 ከመቶ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ያ ሁሉ «አንድ ለአምስት» ሲደራጅ በየቡድኑ ውስጥ በግምት አንድ የሚጨነቅ ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ቁጥሩ ሳይታሰብ ገጠመ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ተመረቅሁ፤ የገጠር መንገድ ሥራ እየጎተተ ካፋ አደረሰኝ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማም ጎጀብን ተሻግሮ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ፣ በኮረብታና በጫካ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅነት የመዘገበው የካፋ ጫካ ከከተማዋ አይርቅም፤ ቡናው አሁንም ከዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። ምደባ ሲወጣ ስማቸውን ከቦንጋ ትይዩ ያገኙ ልጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት ካርታ መፈለግ እንደሆነ ብዙዎቹ እየሳቁ ነግረውኛል። ከደረቅ አገር ለመጣ ልጅ የዚህ አገር ዝናብ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለሦስት ቀን ሳያባራ ሲዘንብ፣ ጉሙ ከመስኮቱ ሥር ሲተኛ፣ ልብስ አልደርቅ ሲል፣ ሆድም አብሮ ይጨልማል።

ነገሩ የተጀመረው ሳይታሰብ ነው። በ2014 ዓ.ም. አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደምሠራበት ቦታ መጣች። አንድ ቀን የስትራክቸር ጥያቄ ይዛ ተከራይቼ ከምኖርበት ግቢ ድረስ መጣች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኛዋን ጨመረች፤ ጓደኛዋ ደግሞ የዶርሟን ልጅ። አከራዬ እማማ፣ የካፋ ሰው ናቸው፣ ሰው በግቢያቸው ተቀምጦ ቡና ሳይጠጣ መሄዱን እንደ ነውር ቆጠሩት። ሲኒ ወጣ፤ የተቆላ በቆሎ ወጣ። አሁን እንደ ወቅቱ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ልጅ ይመጣል። ስም የለንም፤ ማኅተም የለንም፤ ቃለ ጉባኤ አንጽፍም። ይህን የመጨረሻውን ብቻ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌላውን ሥርዓት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያወጡት።

ከሥርዓቱ ዋናው፣ ጠያቂ ብቻ ሆኖ የሚመጣ የለም የሚለው ነው። ዛሬ የተረዳ፣ ሳምንት ሌላውን ይረዳል፤ በሒሳብ ባይችል በሌላ ነገር። ስታቲክስን ደግሞ እየወሰደ የነበረ አንድ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ ይቀመጥ የነበረ፣ ትምህርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወስዱ ሁለት ልጆች እንዲያስረዳ ተደረገ። መቼም ከእሱ የተሻለ አስረጂ አላየሁም። ሰቃዩ ተማሪ መንገዱን ሮጦ ስለሚያልፈው ጉድጓዱ የት እንዳለ አያስተውልም፤ እሱ ግን የወደቀበትን እያንዳንዱን ቦታ ያውቃል። «እዚህ ጋ የቀስቱን አቅጣጫ ትሳሳታላችሁ፤ ሁሉም ሰው ይሳሳታል» ሲላቸው ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ነገር፣ በዚያ ወር ማንም መካሪ ሊሰጠው የሚችል አይመስለኝም። ውድቀቱ ለሰው የሚጠቅም ዕውቀት ሆነለት።

እኔ ባደግሁበት በጎጃም ገጠር ይህ ወንፈል ይባላል። ደቦ ሌላ ነው፤ በደቦ የጠራ ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሥራው ያልቃል። ወንፈል ግን ዙር አለው። ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። በሬ የሌለው በጉልበቱ ይመጣል፤ ሆኖም ሳይቆጠርለት አይቀርም። ደካማ ገበሬ በወንፈል ውስጥ ተረጂ አይባልም፤ ባለ ዙር ነው። ይህንን ለእማማ ስነግራቸው «እኛስ ዳዶ እንል የለ» አሉኝና ሳቁብኝ፤ አዲስ ነገር የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር። ጎበዝ ደካማን ይርዳ የሚለው አሠራር ለምን ቶሎ እንደሚሞት የገባኝ ያኔ ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ሰው፣ ጊዜ ይፈጅ እንጂ መምጣቱን ይተዋል። ዙር ያለው ሰው ግን ተራው ስለሚጠብቀው ይመጣል።

ልምምድ ላይ የነበረችው ያቺ ልጅ ይህንኑ በራሷ ቋንቋ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። በሁለት ምሰሶ ላይ ብቻ የተጋደመ ወራጅ አንዱ ምሰሶ ቢከዳው ይወድቃል፤ በብዙ ምሰሶ ላይ የቀጠለ ወራጅ ግን አንዱ ሲከዳው ጭነቱን ለሌሎቹ ያከፋፍላል፤ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ግን ወዲያው አይወድቅም። ለፈተና ነበር የምታስረዳው። አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ ግን «እኔ ስንት ምሰሶ ነው ያለኝ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በዚምባብዌ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በተባለው ሰፈር ያደረገውን ላንሣ። ለሚሊዮኖች የሚዳረስ ሐኪም በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ የሰፈሩን ሴት አያቶች አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ የጨነቀው ሰው ይመጣል፣ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው መፍትሔ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት ከ500 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ ከስድስት ወር በኋላ በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ምልክታቸው የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት በግልጽ መቀነሱን አሳየ። አያቶቹ በሽታውን በሐኪም ስም አልጠሩትም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» አሉት፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛ «ሐሳብ ገብቶታል»፣ «ሐሳብ በዝቶበታል» የምንለው! ስለ «ድባቴ» ስጠይቀው ፊቱን የሚያዞር ተማሪ «ሐሳብ በዛብህ እንዴ?» ስለው መልስ ይሰጠኛል።

ቢሆንም ቡና ሁሉን ያድናል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። በ2016 ዓ.ም. ከመካከላችን አንዷ ለአራት ቀን እንቅልፍ አጥታ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረች። ሁለት የዶርም ጓደኞቿ ያን ዕለት ያደረጉትን ሳስበው ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ሊመክሯት አልሞከሩም፤ ሊከራከሯት አልሞከሩም፤ ብቻዋን ሳይተዉ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ ከዚያም አንደኛዋ ጅማ ድረስ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለበት አብራት ሄደች። ቤተሰቧ ጸበልም ይሁን አሉ፤ ልጆቹ ጸበሉን ሳይቃወሙ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥ ለመኑ። ዓመት አቋርጣ ተመልሳለች። የእኩያ ሥራ እስከዚያ ደጃፍ ድረስ ነው፤ ማወቅና አለመተው። ከደጃፉ ወዲያ የባለሙያ ነው፤ ይህን ድንበር የማያውቅ በጎ ፈቃድ አደገኛ ይሆናል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባል ሥራ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከሩቅ የመጣውን አዲስ ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ያገናኙታል፤ በዓል ሲሆን የሚጠራው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ቤት ያገኛል። በየግቢው የብሔር ግጭት ልጆችን በገደለበትና ባሰደደበት በዚያ በ2012 ዓ.ም. ዘመን የተሰማ በጎ ወሬ ነበር። እኔ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ተማሪው የሚያውቀው ሰው ሁሉ ውጤቱን የሚያውቅ እንዳይሆን ያደርጋል። እማማ አንድም ቀን ስለ ነጥብ ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት «በልተሃል?» እና «ያ ቀጭኑ ልጅ የት ቀረ?» ነው።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሥርዓት ሆኗል። አንድ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ከቀረ ሁለት ሰው ዶርሙ ድረስ ይሄዳል። ስልክ አይደወልም፤ በስልክ ሁሉም ሰው ደኅና ነው። አንዳንዴ የቀረው ልጅ ፍቅር ይዞት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስቀው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ በክረምቱ መግቢያ «ስንት ምሰሶ ነው ያለኝ?» ያለው ልጅ ቀረ። ሁለት ቅዳሜ። ሁለት ልጆች ሄዱ፤ በቀትር ተኝቶ አገኙት። የአጋማሽ ፈተና ውጤት ተቀብሎ ኖሯል፤ ለአባቱ ከደወለ ወር አልፎታል። ምን አላችሁት ብዬ ስጠይቃቸው «ምንም» አሉኝ፤ «የቆሸሸ ልብስ ስለነበረው አብረን አጠብን። ዝናቡ ባያስደርቀውም።»

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። ዘግይቶ ነው የመጣው፤ አቦልና ቶና ተጠጥቶ እማማ በረካውን እየቀዱ ነበር። ደብተር አልያዘም። ሲኒውን ይዞ ትንሽ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ወደ በረንዳው ወጣ። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ሲያወራ አየነው። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ስለነበር የሚለውን አልሰማንም፤ ለመስማትም የሞከረ የለም። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲመለስ ትከሻው ረጥቦ ነበር፤ እማማ የቀዘቀዘውን ቡና ደፍተው ሌላ ቀዱለት፤ እሱም አጠገቡ ወዳለው ልጅ ደብተር አንገቱን አስግጎ የደረስንበትን ጠየቀ።